የዛፍ ሸንጎ



ሰው ቤት በሚሠራበት ጊዜ ግንበኛውን መርጦ ይቀጥራል፤ ድንጋዩንና እንጨቱን አገላብጦ አይቶ ይገዛል፤ በሩ በየት በኩል፥ ማድ ቤቱም በየት በኩል እንዲሆን ከባለቤቱ ጋራ ተማክሮ ይቈርጣል። ልጁን ለመዳር ባሰበ ጊዜም ትውልዱን እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል፤ ጠባዩንም ከሚያውቁት ሰዎች ይጠይቃል። ዛፍ በሚተክልበት ጊዜ ግን ማንንም አይጠይቅም። ከገበያ የገዛውን ወይም ወዳጁ የሰጠውን ችግኝ ይዞ ይመጣና ባዶ ሆኖ ባገኘው ስፍራ ጕድጓድ ምሶ ይተክለዋል፤ ውሃም አፍስሶበት እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይገባል። ነገር ግን ቤቱ ሃምሳ ዓመት የሚቆም ቢሆን ዛፉ መቶ ዓመት ሊቆም ይችላል። እንግዲህ ዕድሜው ከቤቱ ለሚረዝመው ነገር ምክር ሳይደረግለት መቅረቱ የሚያስደንቅ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ ክርክር ነው። ይህ ጸሐፊ መዝገብ በሚጽፍበት ችሎት ሁለት ጎረቤታሞች ቀርበው ነበር። ሁለቱም በዕድሜ የገፉ፥ በሰፈራቸው የተከበሩ፥ ብዙ ዘመን ማዕድ የተቋረሱ ሰዎች ናቸው። አንደኛው የበኵር ልጃቸው በተወለደ ዓመት ከድንበሩ አጠገብ አንድ ባሕር ዛፍ ተክለው ነበር። ዛፉም ከልጁ ጋራ አብሮ አደገና የሰፈሩ ሰው ሁሉ በልጁ ስም ይጠራው ጀመር። ከብዙ ዓመት በኋላ ጎረቤትየው በድንበሩ ላይ የድንጋይ ግንብ ሠሩ። ሥሩ እየወፈረ ሲሄድ ግንቡ ከመካከሉ ተሰነጠቀ። በአንድ ክረምትም ነፋስ በበረታበት ሌሊት ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በማድ ቤቱ ጣራ ላይ ወደቀ፤ የቤቲቱ እመቤት የልጅ ልጃቸውን አዝለው ከዚያ ማድ ቤት ከወጡ ጥቂት ደቂቃ እንኳ አልሆናቸውም ነበር።

ባለ ግንቡ፥ «ዛፉ ይቈረጥልኝ፤ ነገ በሰው ላይ ቢወድቅ ደሙን ማን ይከፍላል?» አሉ። ባለ ዛፉም፥ «ዛፉ ወደ ግንቡ አልሄደም፤ ግንቡ ነው ወደ ዛፉ የመጣው። ደግሞስ በገዛ ግቢዬ የተከልሁትን፥ ልጄን የማስብበትን ዛፍ ሌላ ሰው ቍረጥ ሊለኝ እንዴት ይችላል?» ሲሉ መለሱ። ዳኛውም ነገሩን ሰምተው፥ ጎረቤታሞች ናችሁና አስቀድማችሁ በሽማግሌ ሞክሩት ብለው ቀጠሮ ሰጧቸው። ሁለቱ ሰዎች ግን ከችሎት ሲወጡ አንዱ በቀኝ፥ አንዱ በግራ ሄዱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን እንኳ አልተባባሉም።

የማን ጥፋት ነው? የዛፉ አይደለም፤ ዛፍ ፈጣሪው እንደ ሰጠው ጠባይ ያድጋል። የተካዩም የግንበኛውም ክፋት አይደለም። ጥፋቱ ያለው በተተከለበት ቀን፥ «ይህ ዛፍ ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ባለመኖሩ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

በዚህ መካከል፥ ለዛፉ ስም የሆነውና ዛሬ በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ የሚኖረው የባለ ዛፉ ልጅ ነገሩን ሰምቶ ለአባቱ ደብዳቤ ላከ። አባትየውም ደብዳቤውን ለማስረጃ ይሆነኛል ብለው ለሽማግሌዎቹ አቀረቡ። በደብዳቤው ውስጥ ያለው ቃል ለብዙ ሰው የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፥ ነገሩን ከሥሩ መርምረን እነሆ ለአንባብያን አቅርበነዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር ብዙ ከተሞች ስለ ዛፍ ብቻ የሚመክር ሸንጎ አላቸው። የሸንጎው አባሎች አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የማይቀበሉ፥ ከሕዝቡ መካከል ተመርጠው በከንቲባው ወይም በከተማው ምክር ቤት የሚሾሙ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ አትክልተኛ፥ አንዷ መምህርት፥ አንዱ ነጋዴ፥ አንዷ የቤት እመቤት ልትሆን ትችላለች። ሥራቸውም በየመንገዱና በየአደባባዩ ያሉትን ዛፎች ማስቈጠር፥ የታመመውንና ሊወድቅ የደረሰውን ማስመርመር፥ በየትኛው ስፍራ የትኛው ዛፍ ቢተከል ይሻላል የሚለውን ቈርጦ ዝርዝር ማውጣት፥ ሕዝቡንም ስለ አተካከልና ስለ አጠባበቅ ማስተማር ነው።

የነገሩ መነሻ ሩቅ ነው። ነብራስካ የሚባለው ክፍለ አገር ዛፍ የሌለበት ሰፊ ሜዳ ነበር። ጁልየስ ስተርሊንግ ሞርተን የሚባል የጋዜጣ አዘጋጅ በዚያ አገር ተቀምጦ ስለ ዛፍ ጥቅም አብዝቶ ይጽፍ ነበርና፥ በእርሱ አሳብ አመንጪነት በ1872 ዓ.ም. ኤፕሪል 10 ቀን የዛፍ ተከላ በዓል ተደረገ። በዚያ በአንድ ቀን ብቻ አንድ ሚሊዮን ያህል ዛፍ እንደ ተተከለ ይነገራል። ይኸው ሞርተን ኋላ በፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ዘመን የእርሻ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሷል። በዓሉም ወደ ሌሎቹ ክፍላተ አገር ሁሉ ተስፋፋ።

ነገር ግን ዛፍ በበዓል ቀን ተተክሎ በማግስቱ የሚረሳ ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ በ1976 ዓ.ም. በዛፍ በዓል ስም የቆመው ማኅበር ከመንግሥቱ የደን መሥሪያ ቤት ጋራ ሆኖ «የዛፍ ከተማ» የሚባል ማዕርግ ለከተሞች ይሰጥ ጀመር። ማዕርጉን የሚፈልግ ከተማ አራት ነገር መፈጸም አለበት። አንደኛ፥ ስለ ዛፍ ኀላፊነት ያለው ሸንጎ ወይም መሥሪያ ቤት ማቆም፤ ሁለተኛ፥ የዛፍ ጥበቃ ደንብ ማውጣት፤ ሦስተኛ፥ በሕዝቡ ቍጥር ልክ ቢያንስ በነፍስ ወከፍ 2 ዶላር በየዓመቱ ለዛፍ ሥራ መመደብ፤ አራተኛ፥ የዛፍን በዓል በዐዋጅ ማክበር ነው። ዛሬ ይህን ማዕርግ የያዙት ከተሞች ከ3,000 በላይ ሆነዋል። አንባብያን ልብ እንዲሉት የምንወደው ነገር በዓሉ በመጨረሻ፥ ሸንጎው ግን በመጀመሪያ መጻፉን ነው።

ሸንጎው ይህን ያህል መድከሙ ስለ ምን ነው? ቢሉ፥ ያለ ምክር መትከል ያመጣውን ጕዳት አገሩ በዓይኑ ስላየ ነው። በአሜሪካ ከተሞች ኤልም የሚባለው ዛፍ እጅግ የተወደደ ነበር። ግንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ቅርንጫፉ ከላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሲተከል ከላይ ተገናኝቶ እንደ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ጣራ ይሆናል። ውበቱን ያየ ሁሉ እርሱን ብቻ ተከለ፤ ከተማ ከከተማ እየተፎካከረ መንገዱን ሁሉ በአንድ ዝርያ ሞላው። በ1930 ዓ.ም. ግን በኦሃዮ ክፍለ አገር ኤልሞች ያለ ጊዜያቸው ሲጠወልጉ ታዩ። ለቤት ዕቃ መሥሪያ ከአውሮፓ በመጣ ግንድ ውስጥ የሻጋታ ወገን የሆነ በሽታ ገብቶ ኖሯል። ይህን በሽታ ቅርፊት የምትበሳ ትንሽ ጢንዚዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ታደርሰዋለች። ሻጋታውም የዛፉን የውሃ ሥር ይደፍነውና ዛፉ ውሃ አጠገቡ እያለ በጥም ይሞታል። ይህም ሳይበቃ፥ ተቀራርበው የተተከሉት ኤልሞች ሥራቸው ከመሬት በታች እርስ በርሱ ስለሚጋጠም በሽታው በሥር በኩል ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተላለፈ። በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ዛፎች ሞቱ፤ መቶ ዓመት ጥላ የነበረባቸው መንገዶችም በጥቂት ዓመት ውስጥ ራቍታቸውን ቀሩ።

ከዚህ የሚብሰው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ብዙዎቹ ከተሞች በሞቱት ኤልሞች ፈንታ ምን ተከሉ? ቶሎ የሚያድገውንና ችግር የሚችለውን አሽ የሚባለውን ዛፍ እንደ ገና በብዛት ተከሉ። በ2002 ዓ.ም. በሚሺጋን ክፍለ አገር በዲትሮይት ከተማ አቅራቢያ ከእስያ የመጣች አንዲት አረንጓዴ ጢንዚዛ ተገኘች። የእርስዋ ትል ከአሽ ቅርፊት በታች እየቦረቦረ ዛፉን ይገድለዋል። እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠር አሽ ጠፍቷል። ሕዝቡም አንዱን ኀዘን ሳይረሳ ሁለተኛ ኀዘን ደረሰበት። አንድ ጊዜ መሳሳት የሰው ጠባይ ነው፤ በዚያው መንገድ ሁለተኛ ጊዜ መሳሳት ግን ምክር ማጣት ነው።

ከሁለቱ ጥፋቶች መካከል፥ በ1990 ዓ.ም. በዋሽንግተን የዛፎች ምርምር ሊቅ የነበረ ፍራንክ ሳንታሙር የሚባል ሰው ለከተሞች ቀላል ልክ አወጣላቸው። በአንድ ከተማ ከተተከለው ዛፍ ሁሉ አንዱ ዝርያ ከመቶ 10፥ አንዱ ወገን ከመቶ 20፥ አንዱ ቤተ ሰብ ከመቶ 30 አይለፍ አለ። ዛፍም እንደ ሰው ዘመድ አዝማድ አለውና፥ የሥጋ ዘመዱን የያዘው በሽታ እርሱንም ይይዘዋል። ሀብቱን ሁሉ በአንድ ጐተራ የሚያከማች ገበሬ ነቀዝ ሲገባ ባዶውን እንደሚቀር፥ መንገዱን ሁሉ በአንድ ዛፍ የሚሞላ ከተማም እንዲሁ ነው። ይህ ልክ ዛሬ በብዙ ሸንጎዎች ዘንድ እንደ መመሪያ ይጠቀሳል።

ዛፍ መመርመር በመንግሥታት መካከል ባለ ክብር ውስጥ እንኳ እንዳይቀር የሚያስተምር አንድ ታሪክ አለ። በ1910 ዓ.ም. የቶክዮ ከተማ ለዋሽንግተን ከተማ የወዳጅነት ስጦታ አድርጋ 2,000 የቼሪ ዛፎች ላከች። ዛፎቹ ሲደርሱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሊቃውንት መረመሯቸውና ተባይና በሽታ አገኙባቸው። የወዳጅ መንግሥት ስጦታ ነውና ነገሩ ከባድ ነበረ፤ ዝም ብሎ መትከል ለአገሩ አትክልት አደጋ፥ ማቃጠል ደግሞ ለወዳጅነቱ አደጋ መሰለ። ፕሬዚዳንት ታፍት ግን ፈቀዱና ዛፎቹ ተቃጠሉ። የጃፓን ሰዎችም ነገሩን በትዕግሥትና በጨዋነት ተቀብለው በ1912 ዓ.ም. በጥንቃቄ የተዘጋጁ 3,020 ዛፎች ደግመው ላኩ። በዚያ ዓመት በማርች 27 ቀን የፕሬዚዳንቱ ባለቤትና የጃፓን አምባሳደር ባለቤት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዛፎች በእጃቸው ተከሉ። ዛሬ በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩት ወገኖቻችን በየጸደዩ ከልጆቻቸው ጋራ ወጥተው የሚያዩት አበባ ከዚህ ታሪክ የበቀለ ነው። እውነተኛ ወዳጅነት በእውነተኛ ምርመራ አይፈርስም።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ልጁ ለአባቱ የጻፈው ይህ ነበር፤ «አባቴ ሆይ፥ እኔ ባለሁበት ከተማ የግንዱ ዙሪያ 44 ኢንች የደረሰ ዛፍ በገዛ ግቢዬ ውስጥ ቢሆን እንኳ ከከተማው ፈቃድ ሳልቀበል ልቈርጠው አልችልም።» ይህ ቃል እውነት ነው። የዋሽንግተን ከተማ በ2002 ዓ.ም. ባወጣችው፥ በ2016 ዓ.ም. ባሻሻለችው ሕግ መሠረት ዙሪያው 44 ኢንች፥ ማለት 112 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቈረጥም። 100 ኢንች የደረሰው ግን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጭራሽ እንዳይቈረጥ ተጠብቋል።

ባለ ዛፉ ይህን ሲያስነብቡ ፊታቸው በራ። «ይኸው! የሠለጠነው አገር እንኳ ዛፍ አይቈረጥ ይላል» አሉ። ባለ ግንቡ ግን፥ «ጋሼ፥ እስከ መጨረሻው ይነበብልን» አሉ። የቀረውም ሲነበብ፥ «ነገር ግን ዛፉ በሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ መሆኑ በዐዋቂ የተመሰከረ እንደ ሆነ ፈቃዱ ይሰጣል» የሚል ተገኘ። እንግዲህ ደብዳቤው ለአንዱ ሳይሆን ለሁለቱም ፈረደ። ለባለ ዛፉ፥ ዛፍ እንደ ተራ ማገዶ በቍጣ የሚቈረጥ ነገር አለመሆኑን መሰከረላቸው። ለባለ ግንቡም፥ በግቢ ያለ ዛፍ የባለቤቱ ብቻ አለመሆኑን፥ ጥላውም አደጋውም ወደ ጎረቤት የሚሻገር መሆኑን መሰከረላቸው። ሥሩ በአንዱ ግቢ፥ ቅርንጫፉ በሌላው ግቢ ያለ ነገር የሁለት ቤት ጕዳይ ነውና በሁለት ቤት ምክር ሊተዳደር ይገባዋል።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። አዲስ አበባ በ1886 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ በዙሪያዋ የነበረው ደን በማገዶና በቤት መሥሪያ አለቀ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ ዓለም መቀመጫቸውን ሊያዛውሩ አስበው ነበር። በ1890ዎቹ ዓመታት ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት አድጎ ማገዶና ማገር ስለ ሰጠ ከተማይቱ በስፍራዋ እንድትጸና ረዳት። ስለዚህ ባሕር ዛፍን መስደብ ውለታ መርሳት ነው። ነገር ግን ባለ ውለታ ነው ተብሎ በሁሉ ስፍራ አይሾምም። ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩ ሌላ አትክልት እንደ ልቡ አያበቅልም፤ ቁመቱም ለጠባብ ግቢ አይሆንም። ለብቻው በተከለለ ተራራ ላይ ጥሩ አገልጋይ የሆነው፥ ከጕድጓድ ውሃና ከግንብ አጠገብ ሲተከል ባለ ዕዳ ያደርጋል።

የአገራችንም ዛፎች እንደ መኳንንት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማዕርግና የየራሳቸው ስፍራ አላቸው። ዋርካ ለአደባባይና ለገበያ እንጂ ለትንሽ ግቢ አልተፈጠረም፤ ክንዱን ሲዘረጋ አንድ መንደር ያስጠልላል። ዋንዛ ነጭ አበባው ለንብ፥ እንጨቱ ለበርና ለዕቃ፥ ጥላውም ለቡና ይስማማል። ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ነገር ግን እንጨቱ ጽኑ ነው፤ ጢሱም የወተቱን ዕቃ ያሸታል። ዝግባና ጥድ ክረምት ከበጋ ቅጠላቸውን አያረግፉም። ኮሶ ቀዝቃዛ ደጋ ይወዳል፤ አበባው አባቶቻችን መድኃኒት ያደረጉት ነው። ብዙዎቹ እነዚህ ዛፎች ከሜዳው ከጠፉ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ተጠብቀው መቈየታቸውን እናውቃለን። የተጠበቁትም ጠባቂ ስለ ነበራቸው ነው፤ የሚጠይቅ ደብር፥ የሚከለክል ገበዝ ነበራቸው። በሌላ ስፍራ ያለው ዛፍ ግን ጠያቂ አልነበረውምና አለቀ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፥ የእኛ አባቶች በዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር ይሰሙ፥ የተጣላ ያስታርቁ እንደ ነበረ ሁሉ ያውቃል። እዚያ ማዶ ያሉት ሰዎች ስለ ዛፍ ሸንጎ ተቀመጡ፤ እኛ ደግሞ ከዛፍ ሥር ሸንጎ ተቀመጥን። በዛፍ ሥር ስለ ሌላው ነገር ሁሉ የመከርን ሰዎች ስለ ራሱ ስለ ዛፉ አንድ ቀን ብንመክር ምን ይከብደናል?

ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በየክረምቱ ችግኝ የመትከል ዘመቻ ሲደረግ ቈይቷል። በዚያው ዓመት በጁላይ 29 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ቍጥሩ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ችግኝ ሲተከል ሺሕ እጅ ይገኝለታል፤ በየካቲት ፀሐይ ውሃ ሲጠማው ግን የሚያጠጣው አንድ እጅ ያስፈልገዋል። ያ አንድ እጅ የቤተ ሰብ እጅ ነው። ስለዚህ በየሰፈሩ ያለው እድር ከአባሎቹ መካከል አምስት ሰዎች ቢመርጥ፥ ማለት አንድ አገር የሚያውቁ ሽማግሌ፥ አንዲት የቤት እመቤት፥ አንድ አትክልተኛ፥ አንድ መምህር፥ አንድም ወጣት ቢመርጥ፥ ያለ ብዙ ወጪ የዛፍ ሸንጎ ይሆናሉ። መዝገብ ይዘው በሰፈሩ ያለውን ዛፍ ይቍጠሩ፤ የትኛው ዝርያ እንደ በዛ፥ የትኛውም እንደ ጠፋ ይጻፉ። አዲስ ለመትከል የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ደግሞ እነዚህን ነገሮች ይጠይቁት።

መጀመሪያ፥ ዛፉ ሲያድግ ቁመቱና ስፋቱ ምን ያህል ነው? ትልቅ የሚሆነው ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለበት ሥር ግን ሲያድግ ከ7 ወይም ከ8 ሜትር የማያልፈው ይተከል፤ አለዚያ በየዓመቱ አናቱን መጨፍጨፍ ይመጣል፤ አናቱ የተጨፈጨፈ ዛፍም ይታመማል። ሁለተኛ፥ ለምን ጕዳይ ነው የሚተከለው? ለጥላ፥ ለፍሬ፥ ለማገዶ፥ ለንብ ነውን? ሦስተኛ፥ አፈሩና አየሩ ይስማማዋልን? ውሃ የሚተኛበት ነው ወይስ ደረቅ? አራተኛ፥ በሰፈሩ ያ ዝርያ አስቀድሞ አልበዛምን? አምስተኛ፥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት በበጋ የሚያጠጣው ማን ነው? ስሙ ይጻፍ። አምስተኛውን መመለስ የማይችል ሰው ችግኙን ለሌላ ይስጥ።

አተካከሉንም በጥቂት ቃል እንናገር። ጕድጓዱ ከችግኙ ሥር ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይስፋ፤ ጥልቀቱ ግን ሥሩ ካለበት አፈር ከፍታ አይብለጥ። ግንዱ ከሥሩ ጋራ የሚገናኝበት ወፈር ያለው ስፍራ ከመሬት በላይ መታየት አለበት፤ ብዙ ችግኝ የሚሞተው አለመጠን በጥልቅ እየተቀበረ ነው። በዙሪያው ደረቅ ቅጠል ወይም ሣር ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይጐዝጐዝለት፤ ግንዱን ግን አይንካው፤ ቅርፊቱ ይበሰብሳልና። በእንጨት የተደገፈ እንደ ሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ ድጋፉ ይፈታለት፤ ዛፍም እንደ ልጅ ነው፤ ዘወትር የሚደገፍ ራሱን ችሎ መቆም አይማርም።

የሁለቱ ጎረቤታሞች ነገር እንዴት ተፈጸመ? የሚል አንባቢ ይኖራል። ሽማግሌዎቹ ዛፍ የሚያውቅ ሰው አስመጥተው አስመረመሩ። ግንዱ ከበታቹ መበስበስ ጀምሮ ስለ ተገኘ ይቈረጥ ተባለ። ባለ ዛፉ በዚያ ቀን ከቤታቸው አልወጡም። ከግንዱ የወጣው እንጨት ግን የጎረቤታቸው ማድ ቤት ጣራ ተጠገነበት፤ ግንቡንም ሁለቱ ተካፍለው አሠሩት። የባለ ግንቡ ባለቤት፥ «ጋሼ፥ በስፍራው ምን እንትከል?» ብለው ራሳቸው ሄደው ቢጠይቋቸው፥ ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈይተው፥ «እርስዎ ይምረጡ፤ እኔ አንድ ጊዜ መርጬ ነበር» አሉ። እመቤቲቱም ወይራ መረጡ። ከግንቡ 6 ሜትር ተለክቶ ተተከለ፤ የመጀመሪያውን ውሃ ያፈሰሰችው ያች በዚያ ሌሊት በጀርባ የነበረችው ሕፃን ናት።

ባሕር ዛፍ ቢቈረጥም ከጕቶው እንደሚያቈጠቍጥ የታወቀ ነው። ዛሬም ከጕቶው ቡቃያ ብቅ ሲል፥ ቀርበው በእጃቸው የሚቈርጡት ሌላ ሰው አይደሉም፤ ራሳቸው ባለ ዛፉ ናቸው። ከዚያም ባልዲያቸውን አንሥተው ወይራውን ያጠጣሉ።